ሰርተፍኬት የሌላቸው ቅዳሜዎች

ማናማ፣ ባህሬን
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለሰርክአዲስ ይኸነው፣

የአገራችን ታቦት ሁሉ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽም ይከተል። እኔ የአባትሽ የአክስት ልጅ የሻረግ፣ ከዚህ አገር ሙቀት በቀር የሚያማርረኝ የለም፤ ተመስገን። ስልኩ ሁለት ቃል ሳንለዋወጥ እየተቋረጠ ስላስመረረኝ በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንሥቼ ልኬልሻለሁ። ኔትወርክ ያገኘሽ ቀን ይገባልሻል። አንቺም እንደዚሁ አድርጊ፤ የሰው የእጅ ጽሑፍ ማየት ናፍቆኛል።

አባትሽ የመጨረሻ ዓመት መግባትሽን ሲነግረኝ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ባባ። የየምሥራች ነገር ነዋ ትዝ ያለኝ። ያቺ የአጎትሽ ልጅ በማዕረግ ተመርቃ፣ ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሣችው ፎቶ እዚህ ክፍሌ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። ይኸው አራት ዓመቷ፣ እናቷ ቤት ተቀምጣለች። ፈተና በተባለ ቁጥር ባሕር ዳር ትሄዳለች፤ ልምድ አለሽ ወይ ይሏታል፤ የላትም፤ ትመለሳለች። ከደብተር ሌላ ምን ነክታ ታውቃለችና!

ስለዚህ ስሚኝ። ማርክ ብቻ አያበላም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ክበብ የሚባል ሁሉ ተመዝገቢ። ሥልጠና አለ ከተባለ ቀድመሽ ተሰለፊ። ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ቦታ ሁሉ የመጀመሪያዋ አንቺ ሁኚ። ወረቀት የሌለውን ሰው ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔም እዚህ ሆቴል ቢሮ እስክገባ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው።

እስከ መጪው ዓመት ጥር ድረስ ሥራ ካገኘሽ እሰየው። ካላገኘሽ ግን እንደ የምሥራች ቤት ስትቀመጪ አላይም፤ ቪዛ አስወጥቼ እዚሁ እኔ ጋ አስገባሻለሁ። ከአባትሽም ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። አትፍሪ፤ እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ።

ዩኒቨርሲቲሽ ያለበት የቆሰበር ብርድ እንዴት አድርጎሻል? ሰርተፍኬቶችሽን ፎቶ እያነሣሽ ላኪልኝ።

አንቺን አንቺን የምትል
የሻረግ


ቆሰበር
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሻረግ፣

ባሉበት የሰላም እንቅልፍ ይስጥዎት፤ የሰው አገር ሥራ ይቅለልዎት። እኔም አባቴም ደህና ነን። ደብዳቤዎ የገባልኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ስልኬን ከፍ አድርጌ ወደ ዋናው በር ስወጣ ነው።

ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌያለሁ። አራት ክበብ ገብቻለሁ፣ አምስት ሰርተፍኬት አለኝ፤ ፎቶዎቹን ይመልከቱ። ያ የወርቅ ጠርዝ ያለው የአመራር ክህሎት ነው። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን፣ ሻይና ቦምቦሊኖ ተሰጠን፣ ስማችንን አስጻፍንና ወጣን። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርዎት፤ ለሰርተፍኬት የሚሆን አይደለም፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው። የማጠናው የእንስሳት ጤና አይደል? ጥቅምት ላይ መምህራችን ለአንድ ቀን ዳንግላ ወስዶን፣ የጋሪ ፈረሶችን ቁስል መዝግቡ አለን። ሁሉም መዝግቦ ተመለሰ። እኔ ግን ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት አንድ ቦራ ፈረስ አየሁ። ጋሪው የሚታሰርበት ጠፍር ደረቱን መዳፌን በሚያህል ልጦታል፤ እየደማ አራት ሰው ጭኖ ይሮጣል። ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ ብቻዬን ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ነኝ። ቁስል አጥባለሁ፣ መምህሬ የሰጠኝን ቅባት እቀባለሁ፣ የእያንዳንዱን ፈረስ ነገር በደብተር እጽፋለሁ።

የባለጋሪዎቹ ማኅበር ሰብሳቢ አቶ ደጉ ይባላሉ። የመጀመሪያ ቀን ከጋሪያቸው ሳይወርዱ ቁልቁል አዩኝና፣ ልጄ፣ የእኛ ፈረስ አገውኛ እንጂ እንግሊዝኛ አይሰማም አሉኝ። እኔም በአገውኛ፣ እንግዲያው እኔና እሱ እንግባባለን፣ እርስዎን አናስቸግርዎትም አልኳቸው። ሳቁ። ፈረሳቸውን ግን አላስነኩኝም።

ልጅዎ
ሰርክአዲስ


ማናማ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፣

ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ልቡናሽንም ጨምሮ ይጠብቅልኝ።

ይኼ ፈረስ የሚሉት ጉድ ከየት መጣ? እኔ ስለ ሥራ አወራለሁ፣ አንቺ ስለ ቦራ። አባትሽ ደውሎ ሲናገር ድምፁ ተቀይሮብኛል። ከመንደራችሁ ከዘንገና ዳንግላ ለገበያ የወረዱ ሰዎች ልጅህን ጋሪ ሥር ገብታ በጭቃ ተለውሳ አየናት ብለውታል። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኳት የባለጋሪ ሎሌ እንድትሆን ነው ወይ ይላል። ምን ልበለው? ፈረስ ሰርተፍኬት አይጽፍ። አቶ ደጉ ማኅተም አላቸው? የላቸውም።

እባክሽ ቅዳሜሽን ኮምፒዩተር ተማሪበት። የኮምፒዩተሩ ሰርተፍኬት እዚህም ያገለግልሻል።

ምሕረት የምትባል የዳንግላ ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ ሁለት ብርድ ልብስ አስይዤልሻለሁ። ወፍራሞች ናቸው፣ የሆቴሉ ናቸው፣ አሮጌ እንዳይመስሉሽ። ከእንግዲህ ሲበርድሽ እኔ እንዳቀፍኩሽ ቁጠሪው።

ስለምትወድሽ የምትቆጣሽ
የሻረግ


ቆሰበር
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሻረግ፣

ጾሙን በሰላም ያስጨርስዎት። ከመጻፌ በፊት ሦስት ቀን አሰብኩበት። ሌላ ሰው ከሚነግርዎት ግን እኔው ብናዘዝ ይሻላል።

ብርድ ልብሶቹ ደርሰውኛል። ቀድጃቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደብተሬን ሳገላብጥ፣ ያከምኩት ቁስል ሁሉ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይከፈታል። ጠፍሩ እዚያው ቦታ ላይ እየፈተገው መድኃኒቱ ምን ይሥራ? ከሥሩ የሚደረግ ለስላሳ ነገር ያስፈልግ ነበር። ማዳበሪያ ከረጢት ሞከርን፤ በላብ ርሶ ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል። የመኪና ጎማ ሞከርን፤ ባሰበት። ያን ጊዜ የእርስዎን ብርድ ልብስ በእጄ ዳሰስኩት። አንዱን ብቻ ብዬ ቀደድኩት፤ ለአሥራ ሦስት ፈረስ ሆነ። ሁለተኛውን አንድ ሳምንት ተኛሁበት። እውነቴን ነው የምልዎት፣ እንደዚያ ሞቆኝ አያውቅም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ያልደረሳቸው ባለጋሪዎች ተሰልፈው ሲጠብቁኝ አየሁ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሱንም ይዤው ሄድኩ።

አቶ ደጉ ያን ቀይ ዳማ ፈረሳቸውን ራሳቸው ስበው አመጡልኝ። ልጓሙን እጄ ላይ አስቀመጡና ዞር ብለው ቆሙ። ከሃያ ስድስቱ ፈረሶች የአሥራ ዘጠኙ ቁስል ደርቋል። አባቴ እስካሁን አላናገረኝም። እርስዎም ከተቆጡኝ አይፈረድብዎትም፤ ዝም ግን አይበሉኝ።

ሰርክአዲስ


ቆሰበር
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ የሻረግ፣

ሁለት ወር አለፈ። ኔትወርኩ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ቆየሁ፤ ዳንግላ ላለችው ለምሕረት ግን የእርስዎ መልእክት ይደርሳታል። ሰርተፍኬቴ ዘጠኝ ደርሷል፣ የኮምፒዩተሩንም ወስጃለሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ደህና መሆንዎን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።

ሰርክአዲስ


ማናማ
ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርክአዲስ፣

ደህና ነኝ። ያስኮረፈኝን ልንገርሽ፣ ከሆዴ ይውጣ።

እዚህ ሆቴል አሥራ አራት ዓመት ስሠራ ከማንም ምንም ለምኜ አላውቅም። የቆሰበር ብርድ ነው ያስለመነኝ። አስተዳዳሪው ፊት ቆሜ፣ አገሬ ልጅ አለችኝ፣ ይበርዳታል፣ አሮጌ ከምትጥሉት ሁለት ስጡኝ አልኩት። ከሚጣለው ሳይሆን ከመደርደሪያው አንሥቶ ሰጠኝ። በደስታ እያለቀስኩ ነው የጠቀለልኩት። አንቺ ደግሞ ፈረስ አለበስሽው።

ሁለት ወር ሙሉ ተናደድኩ። ባለፈው እሑድ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ያንኑ ዓይነት ብርድ ልብስ ሳጥፍ፣ ዳንግላ ገበያ መሐል ጋሪ ሲጎትት ታየኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅር ብዬሻለሁ። አባትሽ ዘንድ ግን እኔ ላስታርቅሽ አልችልም፤ ሥራ ነው የሚያስታርቅሽ። ተመረቂና ዘጠኙንም ሰርተፍኬት ይዘሽ ተወዳደሪ። ፓስፖርትም ከወዲሁ አውጪ፤ የቪዛውን ሰው አነጋግሬዋለሁ።

የሻረግ


ዘንገና፣ አባቴ ቤት
ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የሻረግ፣

የፍልሰታ ጾም በረከት አይለይዎት። ተመርቄያለሁ። ለምርቃቴ አባቴ መጥቶ አብሮኝ ፎቶ ተነሣ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም።

ባሕር ዳር የማንኛውም ትምህርት ተመራቂ ለሚወዳደርበት ሥራ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ተመዝጋቢው ብዙ፣ ቦታው አንድ ነበር። ዘጠኙን ሰርተፍኬት በፕላስቲክ አስለብጬ፣ ፋይል ውስጥ በቅደም ተከተል አስገብቼ ሄድኩ። ጠያቂዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛዋ ሴትዮ የወርቅ ጠርዙን አወጣችና፣ እዚህ ላይ አንቺ ምን ሠራሽ አለችኝ። ሻይ ጠጣሁ አይባል። ተካፈልኩ አልኳት። ሁለተኛውን አነሣች፤ እዚህስ? ተካፈልኩ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ መልሴን ስለምታውቀው መጠየቁን ተወችው። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ስወጣ በር ላይ ማንን አገኘሁ? የምሥራችን። እሷም ተራዋን ትጠብቃለች። ስንተያይ ሁለታችንም እንባችን መጣ።

ስለ ፈረሶቹ አልተናገርኩም። ሲቪዬ ላይም አልጻፍኩትም። ያው ወረቀት የለውማ። ወረቀት የሌለውን ነገር አንሥቼ የባለጋሪ ጓደኛ ናት ብለው እንዲስቁብኝ አልፈለግሁም።

ፓስፖርቴ በዚህ ወር ይወጣል ተብያለሁ። ቪዛውን ያስቀጥሉልኝ። አስቸግሬዎት ቀረሁ።

ልጅዎ
ሰርክአዲስ


ማናማ
ነሐሴ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰርክአዲስ ልጄ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ፤ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ይቆየን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የምነግርሽን አባትሽ አያውቀውም። ቢሮ ሠርቼ አላውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሽንት ቤት ሳጥብና አልጋ ሳነጥፍ ነው የኖርኩት። ከሁለት ዓመት ወዲህ የወለል ኃላፊ አድርገውኛል። ይኸውም ሌሎቹ በደንብ ማንጠፋቸውን ማየት ማለት ነው፤ ሰው ሲጎድል ዛሬም እኔው አነጥፋለሁ። አመጣሻለሁ ያልኩሽ ለዚህ ነው። የፈረስ ቁስል የምታድን ልጅ መጥረጊያ ላስይዝ ነው። አመጣሻለሁ ብሎ የጻፈው እጄ ነው እንጂ፣ ልቤስ እንዳትመጪ ስትጸልይ ነበር።

አሁን ደግሞ የሚገርመውን ስሚ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምፈትነው እኔ ነኝ። ወደ አርባ ሦስት ሴቶች አስገብቼ ሥራ አስለምጃለሁ፤ የኬንያ፣ የኔፓል፣ የእኛም አገር። አንዷንም ወረቀት ጠይቄ አላውቅም። አንሶላ እሰጣትና፣ ነይ ይኼን ጥግ እጠፊልኝ እላታለሁ። ካጠፈችው ገባች። ያልጨረሰችውንም ለምን እንዳልሆነላት ከነገረችኝ አስገባታለሁ። ይኼን በየቀኑ እያደረግሁ፣ ለአንቺ ሲሆን ወረቀት ሰብስቢ አልኩሽ። ስምንተኛ ክፍል የቀረሁ ሰው ስለሆንኩ ወረቀት የሁሉ ጌታ መስሎኝ ነው።

አንቺ ጥጉን አጥፈሽዋል። ከረጢት ሞከርን አልሆነም፣ ጎማ ሞከርን ባሰበት፣ ከዚያ ብርድ ልብስ አልሽኝ። ቁጥሩን ሳይቀር ጻፍሽልኝ። እሱን ጻፊ። በእጅሽ የሠራሽውን ጻፊ። የሚስቅ ካለ ይሳቅ። ያንን ደብተር ሳትይዢ የማንም በር እንዳታንኳኪ።

እስከ ጥር ጊዜ አለን። ቪዛውን አልሰረዝኩትም፣ አላስቀጠልኩትምም።

የሻረግ


ዳንግላ
ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ የሻረግ፣

እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ልብዎ ያስፋው። ይኼን የምጽፈው ዳንግላ ከተከራየሁት ክፍል ነው። ለምን ዳንግላ እንደተከራየሁ ከታች ያገኙታል፤ ዘለው እንዳያነቡ።

ጥቅምት ላይ የጋማ ከብት ጤና ላይ የሚሠራ አንድ ድርጅት ለዚህ አካባቢ ሠራተኛ ፈለገ። ሲቪዬን እንደገና ጻፍኩት። ዘጠኙ ሰርተፍኬት በአንድ መስመር አለቀ። የዳንግላ ቅዳሜዎች አንድ ገጽ ሞሉ፤ ያልተሳካውንም ጭምር ጻፍኩ። ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ደብተሬን ይዤ ገባሁ። ገጾቹ የቅባትና የጭቃ አሻራ ነበረባቸው፤ አፈርኩ፣ ግን ዘረጋሁት። ጠያቂው ዶክተር ወንበሩን ስቦ አጠገቤ መጣና ገጽ በገጽ ያስተረጉመኝ ጀመር። ከረጢቱ ለምን አልሆነም? ሰባቱ ለምን አልዳኑም? አራቱ ጠፍራቸው አጭር ነው፣ ሦስቱ ጭነታቸው ከልክ ያለፈ ነው፣ ባለቤቶቹን ማሳመን አልቻልኩም አልኩት። አፌ አልተያዘም። የማወራው የማውቀውን ነበራ።

በማግሥቱ እናያለን ብለው ዳንግላ መጡ። እኔ ለማንም አልነገርኩም ነበር። አቶ ደጉ ሰዎቹን ከላይ እስከ ታች አዩና ዳማቸውን ፈትተው አቀረቡ። ጠፍሩን ገልብጠው ብርድ ልብሱን አሳዩአቸው። ከዚያ፣ "ይቺ ልጅ ያለ ደመወዝ ዓመት ሙሉ መጣች። ዝናብ አላስቀራትም፣ የእኛ ስድብም አላስቀራትም። እናንተ ብትቀጥሯትም ባትቀጥሯትም ቅዳሜ እንጠብቃታለን" አሉ። እኔ ወደ ፈረሱ ዞሬ አለቀስኩ።

ተቀጥሬያለሁ። መደበኛ ቦታዬ ዳንግላ ነው። አባቴ የሰማ ዕለት ከዘንገና መጥቶ ጋሪ ተራው ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ ዋለ። ዓይኑን ከእጄ አልነቀለም። ማታ ሲሄድ ግን የራሱን በቅሎ ኮቴ እንዳይለት ሳምንት እንድመጣ ለመነኝ። ለመነኝ ነው የምልዎት። የምሥራችም ቅዳሜ ቅዳሜ አብራኝ መምጣት ጀምራለች፤ የሒሳብ ተመራቂ ስለሆነች የማኅበሩን መዝገብ እያስተካከለችላቸው ነው።

አሁን ደግሞ የእርስዎ ተራ ነው፤ አይቆጡኝ። ደብዳቤዎችዎን ሁሉ ዘርግቼ ሲቪዎን ጻፍኩ። ልክ ካልሆነ ያርሙኝ። "የሻረግ አለሙ። በአንድ ትልቅ ሆቴል አሥራ አራት ዓመት የሠራች። ከክፍል ጽዳት ተነሥታ ለወለል ኃላፊነት የደረሰች። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ አርባ ሦስት ሴቶችን መርጣ ሥራ ያስለመደች። ዐረብኛ የምትናገር። ሰውን በወረቀቱ ሳይሆን በሥራው የምትመዝን።" ቆሰበር ውስጥ አዳዲስ ሆቴሎች ተከፍተዋል። አልጋው አለ፣ አነጣጠፉን የሚያስተምር የለም። የአንዱን ባለቤት ወይዘሮ ወርቅአየሁን አነጋገርኳቸው። ትምጣና ትፈትነን አሉ፤ ትፈተን አላሉም።

ልጅዎ
ሰርክአዲስ


ማናማ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰርክአዲስ፣

እልል ብያለሁ፤ ጎረቤቶቼ በር አንኳኩተው ምን ሆነሽ አሉኝ። እጅሽ ይባረክ፤ የነካሽው ሁሉ ይዳን።

የጻፍሽውን ገጽ መጀመሪያ ሳነበው ስለ ማን እንደሚያወራ ጠፋኝ። ደግሜ አነበብኩት። አርባ ሦስት ያልሽውን ተቀምጬ ስማቸውን እየጠራሁ በጣቴ ቆጠርኩ። አርባ ስድስት ናቸው፤ አስተካክዪው።

የቪዛው ሰው ትናንት ደወለ። የልጅቷ ፓስፖርት የታለ አለኝ። ልጅቷ ሥራ ይዛለች፣ አትመጣም አልኩት። ሌላ የምታመጪያት አለች ወይ አለኝ። የለችም አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ትንፋሼን ስመልስ ዓመት ሙሉ ይዤው የቆየሁ መሰለኝ።

አሁን አንድ እውነት ልንገርሽ። እስከ ዛሬ አገሬ ያልገባሁት ቲኬት አጥቼ አይደለም። ማን ሆኜ እገባለሁ እያልኩ ነው። ቢሮ ትሠራለች የተባለችውን ሴትዮ እዚያ ስደርስ ከየት አመጣታለሁ? እሷን ፈርቼ ነው አሥራ አራት ዓመት የተቀመጥኩት። ያንቺን ገጽ ካነበብኩ ወዲህ ግን እሷን መፈለጉን ተውኩት። ገጹን ለአስተዳዳሪው በዐረብኛ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ ይኼማ አንሷል ብሎ ሁለት መስመር ጨምሮ ፈረመበት።

ኮንትራቴ ጥር ላይ ያልቃል፤ አላድሰውም። ለወይዘሮ ወርቅአየሁ አንሶላዎቻቸውን አጥበው ይጠብቁኝ በያቸው።

ለአባትሽም መምጣቴን ንገሪው። ምን ስሠራ እንደኖርኩ ግን እንዳትነግሪው። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ።

የሻረግ